ፋጡማ የተባልኩበት መኸር

የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የእግር ጥፍሯን ቀለም ለማስለቀቅ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ከፈተች። እኔ ከጎኗ ምስር እለቅም ነበር። ሽታው እንደ ወጣ እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ጣፈጥ ያለ ግን ስለታም፣ አፍንጫን አልፎ ከዓይን ጀርባ የሚገባ ሽታ ነው።

«እማማ፣ አስቸገረሽ እንዴ? ልክደነው?» አለችኝ።

«ተይው፣ ምንም አይል» አልኳት። ድምፄ ለራሴም ከሩቅ ተሰማኝ። ልቤ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ነበር፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የእኔ ባልሆነ ስም እየተጠራሁ።

ቤታችን ቀወት ውስጥ፣ ተዳፋቱ አልቆ ሜዳው ከሚጀምርበት፣ ከሮቢ ወንዝ ወዲህ ነበር። በቤቱ ያለነው ሦስት ነን፤ አያቴ ጋሽ በሻህ፣ እናቴ ብርቄና እኔ። አባቴ ደምሴ ጣሊያን በገባ ጊዜ ዱር ቤቴ ብሎ ወደ ተራራው ወጥቷል። ሲሄድ አምስት ዓመቴ ነበር። ፊቱን ረስቼዋለሁ፤ ትከሻውን ግን አልረሳሁም። መራመድ ስለሚያቅተኝ በሄደበት ሁሉ እሽኮኮ ያደርገኝ ነበርና ዓለምን መጀመሪያ ያየሁት ከእሱ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው።

ቀኝ እግሬ የሰው እግር አይመስልም ነበር። ስወለድ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣቴ ከሌሎቹ ወፈር ያሉ ነበሩ አሉ። አዋላጇ «የዕድል ምልክት ነው» ብላ እልል ብላለች። እኔ ሳድግ እነሱ ቀድመውኝ አደጉ። በአሥር ዓመቴ ሁለቱ ጣቶች ተጣብቀው የበቆሎ ራስ አክለው ነበር፤ ከሥራቸው ያለው ውስጥ እግሬም እንደ ትራስ ተነፍቷል። እናቴ ስታጥበኝ «ይቺ እግር ጥላሽ ሄደች እኮ፣ አስካለ» ትለኝ ነበር። ይህን ስሰማ እግሬ ታላቄ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን አድጎ እንደሚጨርስና እኔ እስክደርስበት ቆሞ እንደሚጠብቀኝ ለራሴ እነግረው ነበር።

መሮጥ ስለማልችል ሥራዬ ወፍ ጥበቃ ነው። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር አያቴ ከአራት ግንድ ማማ ይሠራሉ፤ በጠዋት ተሸክመው ያወጡኝና ወንጭፍና የጠጠር ክምር አጠገቤ አድርገውልኝ ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ ከማሽላው በላይ ነኝ። ነፋስ ሲመጣ እርሻው በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፣ ተመልሶ ይነሣል። እያየሁት ማማው የሚሄድ፣ እኔም ተሳፍሬ ወደማላውቀው አገር የምወሰድ ይመስለኛል። ግሪሳው እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ወንጭፌን ሳስጮኸው ይበተናል፣ ደግሞ ይጠቀለላል። ከሜዳው ማዶ ጣሊያን የሠራው መንገድ አለ። መኪኖቹ አቧራቸውን እየጎተቱ ከጣርማ በር በኩል ይወርዳሉ፤ ድምፃቸው እኔ ዘንድ የሚደርሰው እነሱ ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ድምፁ የመኪናው ሳይሆን የአቧራው ይመስለኝ ነበር።

የማሳችን ድንበርተኛ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። በሙቀቱ ሰዓት የሎሚ ቅርጫታቸውን ይዘው ከማማው ሥር ያርፉና «አንቺ ወፍ፣ ወፉን አባረርሽው?» ይሉኛል። ጥንቅሽ ልጠው በዱላ ጫፍ ያቀብሉኛል። ሎሚውን የሚያደርሱት ወንዝ ማዶ ላለው የጣሊያን ካምፕ ነበር። በዚህ የተነሣ አያቴ ለእግዜር ሰላምታ ካልሆነ በቀር ብዙም አያነጋግሯቸውም።

በጥቅምት ገደማ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ያሳክከኝ ነበር። ቀጥሎ ውኃ ቋጠረ፣ ቀጥሎ ሸተተ። ግሪሳውን ማባረር እችላለሁ፤ ዝንቡን ማባረር ግን አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጠበል ወሰዱኝ። ወጌሻም መጥቶ እግሬን አገላብጦ አየና «የተሰበረ ባገኝበት እጠግነው ነበር፤ ይህ ግን እንዲሁ እያደገ ያለ ነገር ነው» ብሎ በትሩን አነሣ። ጎረቤት ዝሆኔ ነው ብሎ ይንሾካሾካል። ከዚያ ትኩሳት ያዘኝ፤ ከማማው ወረድኩ። መደብ ላይ ተኝቼ ማሽላው በበሩ ገብቶ ቤቱን ሲሞላው፣ እናቴም አገዳውን በእጇ እየገለጠች ወደ እኔ ስትመጣ አይ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሃራ ግቢያችን ገቡና ከአያቴ ፊት ቆሙ።

«ጋሽ በሻህ፣ አይቆጡኝ። አምና ዓይኔ ሲጠፋ ያዳነኝ ሐኪም እዚያ ካምፕ አለ። ወላሂ አዋቂ ነው። ልጅቱን ልውሰዳት።»

«ጣሊያን ዘንድ?»

«ሐኪም ዘንድ።»

አያቴ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። «ደምሴ እዚያ ላይ ከነሱ ጋር እየተታኮሰ፣ እኔ የልጁን ሥጋ ለነሱ ቢላ ላቅርብ? ምን አፍ ኖሮኝ?»

እናቴ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረገች ነበር። አያቴ ሲናገሩ አቋርጣቸው አታውቅም። ያን ቀን ግን ከውስጥ ሆና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ሞታ ብትቀበርስ፣ አባባ? ጣሊያን አልነካትም ብለን እንጽናናለን?» አለች።

አያቴ ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። የዶሮዎቹ ኮቴ ይሰማኝ ነበር።

«የማን ልጅ ናት ቢሏችሁስ?» አሉ በመጨረሻ።

«የእኔ» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የአርበኛ ሚስት መሆኗ በካምፑ ይታወቃል፤ በየሳምንቱ እየሄደች ባሏ ቤቱን አለመርገጡን ለሹሙ ታስረዳ ነበር። የደምሴ ልጅ ተገኘች ከተባለ እኔን ይዘው እሱን ከተራራው ለማስወረድ መሞከራቸው አይቀርም። እኔን ግን እናቴ ሰው ዓይን እንዳያገባብኝ ስለምትሸሽገኝ፣ ከድንበርተኞቻችን በቀር የሚያውቀኝ አልነበረም።

በማግሥቱ እናቴ ማተቤን ፈትታ የራሷ አንገት ላይ፣ ከራሷ ማተብ በላይ አሰረችው። አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን አሰሩልኝና አገጬን ያዝ አድርገው ጠየቁኝ፦

«ስምሽ ማነው?»

«አስካለ።»

«ያ አላህ! ስምሽ ማነው?»

«ፋጡማ።»

«እናትሽስ?»

እናቴን አየኋት። ራሷን ነቀነቀችልኝ። «እርስዎ» አልኩ።

«እናቱን እርስዎ የሚል ልጅ የት አለ? አንቺ በይ።»

በአህያ ተጭኜ ሮቢን ስንሻገር ውኃው ላይ የአህያውን እግር፣ የእትዬ ዘሃራን እግርና የራሴን የተጠቀለለ እግር አየሁ። ሁሉም እየተሰባበሩ ይገጣጠማሉ። አንድ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ መሰለኝ፤ ቢላው የሚያርፈው ፋጡማ ላይ ነው፤ እኔ አስካለ ማማው ላይ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ይህን ካሰብኩ በኋላ ፍርሃቴ ቀለለ።

የሐኪሙ ቤት የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነበረው፤ ውስጡ በኖራ ነጥቷል። ሐኪሙ አጭር፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሰው ነው። እግሬን ሲፈታው እንደሌላው ሰው ፊቱን አላዞረም። ተንበረከከና ዝም ብሎ አየው። ከዚያ እንደ ሕፃን ፊቱ በራ። ጨርቅ መለኪያ አምጥቶ ጣቶቼን ለካ፤ ወረቀት ዘርግቶ እግሬን አስረገጠኝና ዙሪያውን በእርሳስ ሣለው። ግራውንም ሣለ። ሲሥል በአፍንጫው ያዜማል። ጣሊያኖች ሁሉ ቦት ጫማ እንዳላቸው አውቅ ነበርና፣ ሐኪም የሚሉት ጫማ ሰፊ ኖሯል ብዬ ደስ አለኝ።

የሐኪሙ ረዳት ተስፋይ የሚባል የሐማሴን ሰው ነበር። ረጅም ነው፤ አማርኛ ሲናገር ቃሎቹን አንድ በአንድ የሚያስቀምጣቸው ይመስላል። ሐኪሙ የሚለውን ለእትዬ ዘሃራ ነገራቸው።

«ዝሆኔ አይደለም ይላል። የማንም እርግማን፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ከማሕፀን አብሯት የመጣ ነው፤ አጥንቱም ሥጋውም ስቡም መቆም አያውቅም። እንዲህ ያለ ያየው በመጽሐፍ ብቻ ነው። ሁለቱን ጣቶች ከሥራቸው ያወጣል፤ ከውስጥ እግሯም ትርፉን ይቀንሳል። ካልተቆረጠ ቁስሉ ወደ ደሟ ይገባል።»

«ይድናል?»

ተስፋይ ጠየቀው። ሐኪሙ መነጽሩን አውርዶ ጠረገ።

«ትሄድበታለች ይላል። ዳግመኛ አያድግም ብሎ ግን አይምልም።»

ጫማ ሰፊ አለመሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ዘሃራ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «የሚያስተኛ ነገር ያሸቱሻል። ስትተኚ አፍሽን ዝጊ። ማንንም እንዳትጠሪ» አሉኝ። ከዚያ ከክፍሉ አስወጧቸው። ከንፈሬን ነከስኩ። ተስፋይ በእርጥብ ጨርቅ ፊቴን አጠበኝ፤ ወደ አንገቴ ሲወርድ እጁ ቆመ። በቆላ ፀሐይ የጠቆረው አንገቴ ላይ ማተቡ የነበረበት ቦታ እንደ ክር ነጥቶ ቀርቷል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱም ማተብ ነበረው፤ ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ይታየኛል። ፎጣውን ሳብ አድርጎ አንገቴን ሸፈነው።

«አጆኺ» አለኝ። በእነሱ አገር አይዞሽ ማለት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ጨርቁ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ ያ ሽታ መጣ፤ ካቲካላ የፈሰሰበት የበሰለ ፓፓያ ይመስል ነበር። ጣሪያው ቀስ እያለ ወጣ። ማማው ግንዶቹን ከመሬት ነቀለና በማሽላው መካከል መራመድ ጀመረ፤ እርምጃው የማውቀው ነው፤ ትከሻ ነው። ግሪሳው ያለ ድምፅ ይዞረኝ ነበር። አንድ ሰው ወደ ተራራው ሲሄድ ጀርባውን አየሁ፤ ዞር እንዲልልኝ የሆነ ነገር ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደ ጮኽኩ ግን አላውቅም።

ስነቃ አፌ መራራ ነው፤ እግሬ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሌላ ሰው ይመስላል። አስመለሰኝ።

«ተናገርኩ?» አልኳቸው እትዬ ዘሃራን።

«እኔ ውጭ ነበርኩ ልጄ። አላህ ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በሕመምና በፍርሃት መካከል አለፉ። ወታደር በመስኮቱ ባለፈ ቁጥር ሊወስደኝ የመጣ ይመስለኛል። ተስፋይ እየመጣ ቁስሌን ያጥባል፣ ሾርባ ያቀብለኛል፣ ከፊቱ ግን ምንም አይነበብም። አንድ ቀን ትራሴን ከፍ ሲያደርግልኝ ከመደርደሪያው ላይ የብርጭቆ ማሰሮ አየሁ። ሁለቱ ጣቶቼ ውኃ በሚመስል ነገር ውስጥ ቆመዋል። ነጥተው፣ ተሸብሽበው፣ እርስ በርስ ተደግፈዋል። አልደነገጥኩም። እስኪያንሱ ድረስ ተዘፍዝፈው ሊመለሱልኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቤት እንደ ተመለስኩ ይህንኑ ለአያቴ ነገርኳቸው። ከሄድኩ ጀምሮ ስሜን አልጠሩም ነበር፤ ስለ እግሬም አልጠየቁኝም። የማሰሮውን ነገር ሲሰሙ ግን የሚጠርቡትን የማረሻ ድግር አስቀመጡ።

«የት ሊወስዷቸው ነው?»

እናቴ ከእትዬ ዘሃራ የሰማችውን ነገረቻቸው፤ ሐኪሙ ለብርቅነታቸው ወደ አገሩ ሊልካቸው ነው።

ቁስሌ በሚታይበት ቀን አህያውን የነዱት አያቴ ነበሩ። ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ካምፑ ደጃፍ ቆመው አያውቁም። እትዬ ዘሃራ በመንገድ ላይ «የፋጡማ አያት ነዎት፣ የእኔ አባት። ብዙ አይናገሩ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ» ሲሏቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

ሐኪሙ ስፌቱን አይቶ ረካ። አያቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ከማሰሮው ፊት ቆሙና ተስፋይን «ንገርልኝ» አሉት። «የቆረጥከውን ቆርጠሃል፤ ልጅቱ በሕይወት አለች፤ አልክድም። ይህን ግን ስጠኝ። የመጣችው ከዚህ አፈር ነው። በትንሣኤ ቀን ግማሽ አካሏን ፍለጋ ባሕር ልትሻገር ነው? በሥላሴ ይዤሃለሁ!»

እትዬ ዘሃራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም፤ የመጨረሻዋን ቃል ግን ከንጉሡ ስም ያውቃታል። «ሥላሴ?» አለና ቀና ብሎ አያቴን፣ ከዚያም እኔን አየኝ። እግሬ ውስጥ ያለው ሁሉ መምታት ጀመረ።

ተስፋይ በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ፤ ሳይቸኩል፣ ጨርቅ እያጣጠፈ። ሐኪሙ ትንሽ ሳቅ አለ፤ ከዚያ ሳቁን ተወ። መጽሐፉን ገልጦ እግሬን የሣለበትን ወረቀት አወጣ፣ አየው፣ መልሶ አስገባው። ማሰሮውን ከመደርደሪያው አውርዶ በሁለት እጁ ለአያቴ ሰጣቸው። አያቴም በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። እጅ አልነሡም፤ ግን ወዲያው አልዞሩም።

ተስፋይ ከካምፑ ደጃፍ እስካለው ዛፍ ጥላ ሸኘን።

«ምን ብለኸው ነው?» አሉት አያቴ።

«ሽማግሌው አርጅተዋል፤ የድሮውንና የዛሬውን ንጉሥ አይለዩም፤ ይማሩልኝ አልኩት። ስለ ጣቶቹ ያሉትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የነገርኩት።»

አያቴ እኔን መለስ ብለው አይተው፣ «ልጅቱ ተኝታ የተናገረችው ነበር?» አሉት።

«የአንድ ሰው ስም ጠርታለች» አለ። «ተኝታ የተናገረችውን እኔም ተኝቼ ነው የሰማሁት፣ አባ።»

አያቴ ማሰሮውን ለእትዬ ዘሃራ አሲዘው የዚያን ረጅም ሰው ትከሻ ጎትተው ሳሙት።

ጣቶቼን በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ከአያቴ እናት መቃብር አጠገብ ቀበርናቸው። ቄሱ ተቸግረው «የጣቶቹ ባለቤት እዚህ ቆማ ምን ልድገም?» አሉ፤ በመጨረሻ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። እኔ በአያቴ ክንድ ተደግፌ አፈሩ ሲመለስ አየሁ። እናቴ ማተቤን ከአንገቷ ፈትታ መልሳ አሰረችልኝ። እትዬ ዘሃራ ከግቢው በር ውጭ ቆመው እየጠበቁን ነበር፤ ስንወጣ ከልማድ «ነይ ፋጡማ» አሉኝ። «አቤት» ብዬ ሄድኩ።

ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ አገዳው ቤት መክደኛ ሲሆን እኔ መራመድ እማር ነበር። ውስጥ እግሬ አሁንም ሰፊ ነው፤ መሐሉ ባዶ ስለሆነ ወደ ውጭ ያዘነብለኛል። አያቴ አገዳ ይዘው ከፊቴ ወደ ኋላ እየሄዱ «ወደዚህ፣ ወደዚህ» ይሉኝ ነበር። በበልጉ ዝናብ ሰሞን ካምፑ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ አንድ ቀን ድንኳኑ ሁሉ ተነቀለ። ሐኪሙም ተስፋይም የት እንደ ደረሱ የሰማ የለም።

ከዚያ አርበኞቹ ወረዱ። ጎፈሬያቸው ደን አክሎ፣ ልብሳቸው አልቆ፣ እየፎከሩ ገበያው ሜዳ ላይ ደረሱ። የየመንደሩ ሕፃናት በመስመር ቆምን። እናቴ ውኃና ጠላ ከሚያድሉት ሴቶች ጋር ነበረች፤ እኔ ከአያቴ ጎን ነኝ። አንድ ቀጭን ሰው ጠብመንጃውን አንግቦ በሕፃናቱ ፊት ለፊት ይሄዳል። እኛን ቀና ብሎ አያየንም፤ የሚያየው እግራችንን ነው። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፣ ቀስ እያለ መጣ። የእኔ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሎ ነበር፤ አይቶት አለፈ።

ከአያቴ ፊት ሲደርስ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና ሲል ዓይኑ አሁንም መሬቱን ይፈልግ ነበር።

«አባባ፣ አስካለ… ሞታብኛለች?»

አያቴ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ፈታሁና እግሬን ወደ ፊት አደረግኩት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

ፊቴን አየኝ፤ እግሬን አየኝ። ጠብመንጃውን መሬት አስተኝቶ ተንበረከከ፣ እግሬን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። በአውራ ጣቱ ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር ተከተለው፤ ጣቶቼን ነካ ነካ አድርጎ ቆጠራቸው፤ ሦስት ናቸው። ጢሙ ላይ እንባው ይወርዳል።

«ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያዳነልኝ?» አለ።

ቀና ስል እናቴ የጠላውን እንሥራ እንዳዘለች ደርሳ ከኋላው ቆማለች። አያቴ ወደ ተራራው ያያሉ።

«ጣሊያን» አልኩት።

ዙሪያችን ይፎከር ነበር። የአባቴ እጅ ግን እግሬን አልለቀቀም።